የሁለተኛ ክፍል አንድ ሳምንት፦ ልጆቹ የሚያውቁት ፊደሉን ነው ወይስ ዜማውን?

ባለጠመኔዋ
ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4:20

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። 52 ልጆች አሉኝ። ያለፈውን ሳምንት ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ሰኞ ጠዋት ያየሁት ነገር ሳምንቱን ሙሉ ከሐሳቤ ስላልወጣ ነው። የሳምንቱን ዕቅዴንም አስቀይሮኛል።

ሰኞ። ልጆቹ ቁርሳቸውን በሉ፣ ተሰለፉ፣ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለን መዝሙር ዘምረን ክፍል ገባን። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፊደል ገበታ አንድ ላይ እንዲያነቡልኝ ጠየቅኋቸው። አቤት ድምፃቸው! ከ"ሀ" እስከ "ፖ" አንድ ሳይስቱ ወረዱት። 33 ቤት፣ ሰባት ሰባት ጊዜ፣ 231 ፊደል። የጎረቤት ክፍል መምህርት ሳትቀር በመስኮት ብቅ ብላ አጨበጨበችላቸው።

ከዚያ አንዲት ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ የቆረጥኩበትን ካርቶን ገበታው ላይ አሳረፍኩት። በቀዳዳዋ የምትታየው "ቲ" ነበረች። ከፊት የምትቀመጥ፣ ጎበዝ የምላት ልጅ እጇን አወጣች። ተነሥታ ዐይኗን ጨፈነችና በሹክሹክታ "በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ፣ ተ ቱ ቲ" አለች። ከዚያ ጮክ ብላ "ቲ!" ፊደሏን አይታ አልነበረም፤ ቤቷን ቆጥራ ነው ያገኘቻት።

ካርቶኑን እያዘዋወርኩ ለእያንዳንዱ ልጅ አሥር አሥር ፊደል አሳየሁ። ይህን ለመጨረስ ሁለት ክፍለ ጊዜ ፈጀብኝ። 17 ልጆች ከአሥሩ አምስቱን እንኳ መለየት አቃታቸው። እነዚህ ልጆች አንደኛ ክፍልን አልፈው የመጡ ናቸው። "ለ"ን ከ"ሰ"፣ "ጠ"ን ከ"ጨ"፣ "ነ"ን ከ"ኘ" ያምታታሉ። ከሁሉ የባሰው ሣልስና ኃምስ ነው፤ እግሯ ላይ ሰረዝ ያላትን "ቢ" እና ቀለበት ያላትን "ቤ" እንደ አንድ ያዩአቸዋል።

ማክሰኞ ሒሳብ ነበረን፤ መቀነስ። 32 ሲቀነስ 15። ሁሉም በአንድ አፍ "ከ2 ላይ 5 አይቀነስም፣ ከጎረቤት 1 እንበደራለን" ይላሉ። ከማን ነው የምንበደረው? ስንት ነው የተበደርነው? ብዬ ስጠይቅ ዝም። ያው የሰኞው በሽታ ነው፤ ዜማው አለ፣ ነገሩ የለም። ስቴኪኒ ገዝቼ ነበርና አሥር አሥሩን በላስቲክ አስረን 3 እስርና 2 ነጠላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥን። "ከዚህ ውስጥ 15 ስጡኝ" አልኳቸው። አንዱን እስር ሰጡኝ። አምስት ነጠላ ግን የላቸውም። አንድ ዝምተኛ ልጅ ትንሽ አሰበና የአንዱን እስር ላስቲክ አወለቀው። "ቲቸር፣ አልተበደርንም እኮ፤ ፈታነው" አለኝ። 1 እስርና 7 ነጠላ ቀረ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ክፍላችን ውስጥ "መበደር" የሚባል ቃል የለም፤ "መፍታት" ነው የምንለው። ይህን ቃል ከዚያ ልጅ ነው የተማርኩት።

ረቡዕ ወደ ንባብ ተመለስን። ፊደል የሚለዩት ልጆች ደግሞ ሌላ ቦታ ይሰናከላሉ፤ ጠብቆና ላልቶ ላይ። ፊደላችን ይህን አያሳይም። ሰሌዳው ላይ "ቤት ውስጥ ውሃ አለ አለ" ብዬ ጻፍኩ። መጀመሪያ ሁለቱንም አላልተው፣ ቀጥሎ ሁለቱንም አጥብቀው አነበቡት። ከዚያ አንዷ "የመጀመሪያው መኖር ነው፣ ሁለተኛው መናገር ነው" አለችና አስተካክላ አነበበችው። ጨዋታ አደረግነው። "ዋና" ስጽፍ የጠበቀውን የሚል ቆሞ ክንዱን ያጠነክራል፣ የላላውን የሚል እንደሚዋኝ እጁን ያወናጭፋል። "ገና"፣ "ሰፊ" እያልን ቀጠልን። ጨዋታው ልክ የሆነው ግን ቃሉን ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሳስገባው ነው። ብቻውን የቆመ ቃልማ ሁለቱም ልክ ነው።

ሐሙስ ሰውነት ማጎልመሻ ነበር። ግቢው አፈር ስለሆነ ሰኞ ማክሰኞ በእንጨት ሠራንና በየቤቱ አንዳንድ ፊደል ጻፍን። ጠጠርህ ያረፈበትን ፊደል ጠርተህ በዚያ የሚጀምር ቃል ካልተናገርክ አትዘልም። ሰኞ ካልለዩት 17 ልጆች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ሲሞቁ አየሁ። ወንበር ላይ አንገታቸውን የሚደፉት ልጆች በአንድ እግራቸው ቆመው "ጨ! ጨው!" እያሉ ይጮኻሉ።

ዓርብ ኅዳር 12 ዋለ። ከሐሙስ ጀምሮ "ኅዳር ለምን ይታጠናል? ቤት ያሉ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቃችሁ ኑ" ብያቸው ነበር። ከመጡት 40 ያህሉ መልስ ይዘው ነው የመጡት። አንዱ "አያቴ ከእናታቸው ሰምተው ነው የነገሩኝ" ብሎ ጀመረና ክፍሉ ጸጥ አለ። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ወረርሽኝ ወደ እኛም ገብቶ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው እንደ ቅጠል የረገፈበት ወር መሆኑን፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው መትረፋቸውን፣ "የኅዳር በሽታ" የሚለው ስም ከዚያ መምጣቱን አስረዳኋቸው። ከዚያ ግቢውን አጸዳን። እሳት ግን አላነደድንም። ክፍላችን ውስጥ አስም ያለባት ልጅ አለች፤ ጭሱ እንዴት እንደሚያደርጋት ራሷ ነገረቻቸው። ቅጠሉን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ወደቆፈረው ጉድጓድ፣ ፕላስቲኩን ለብቻ። ዓርብ 5:30 ላይ ለምሳና ለስግደት ስለምንወጣ ጥድፊያ ነበረው።

ከሰዓት በኋላ ሚኒ ሚዲያ ላይ ከክፍላችን አንድ ልጅ እንዲያነብ ተራችን ነበር። የላክሁት ጎበዙን አይደለም። ሰኞ ከአሥር አራት የለየችውን ልጅ ላክሁ። ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው፤ ሐሙስ ማታ ቤቷ ተለማምዳው መጥታለች። "ቤ" ላይ ቆመች። ዝም አለች። ከዚያ ቀለበቷን አይታ "ቤ፣ ቤታችን" አለች።

እናንተ ዘንድ እንዴት ነው? ወላጆችም መምህራንም ጻፉልኝ።

የአንደኛው ልጅ እናት
ቅዳሜ ኅዳር 13፣ ቀን 6:05

ቲቸር እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ስለ ልጄ የጻፍሽ መሰለኝ። አንደኛ ክፍል ነው። እንግዳ ሲመጣ "በል እስቲ ፊደል ቁጠርላቸው" እንለዋለን፤ ይቆጥራል፤ ይጨበጨብለታል። አሁን ጽሑፍሽን አንብቤ ወረቀት ላይ "መ" ብቻ ጽፌ አሳየሁት። ጣሪያ ጣሪያውን አይቶ "ሀ ሁ ሂ..." ብሎ ጀመረ። ሆዴ ባባ። እባክሽ ቤት ውስጥ ምን ላድርግ? እኔ ራሴ ከሥራ ማታ 1 ሰዓት ነው የምገባው።

ባለጠመኔዋ
ቅዳሜ ኅዳር 13፣ ቀን 6:40

እህቴ፣ አትደንግጪ። ዜማውን ማወቁ ጥሩ መነሻ ነው፤ ፊደሉን የሚያስርበት ገመድ ነው። በቀን ሦስት ፊደል ብቻ ያዢ። ከካርቶን ላይ ሦስት ካርድ ቁረጪ፤ በትልቁ ጻፊባቸው። በመልክ የሚቀራረቡትን በአንድ ቀን አታምጪ፤ "ለ" እና "ሰ" ሳምንት ይራራቁ። እያንዳንዷን በሚወደው ነገር ስም አስጠሪው። ከ"ሀ" ሊጀምር ሲል አትቆጪው፤ ካርዱን ገልብጠሽ ሌላ አሳዪው። አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ከእራት በፊት ከሆነ ይሻላል፣ ከበላ በኋላ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ጡረተኛው መምህር
ቅዳሜ ኅዳር 13፣ ማታ 1:30

ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥሽ። 36 ዓመት አስተምሬ ነው የወጣሁት። አንድ ነገር ላስታውስሽ ፈለግሁ፤ ይህን ችግር የኔታዎች ድሮ አውቀውታል።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ዋርካ ሥር ነው። የኔታ "ሀ ሁ"ን በቃሌ መወጣቴን ሲያዩ "ጎበዝ" አላሉኝም። ስንጥሬን ተቀብለው ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እያዘለሉ ጠየቁኝ። ከዚያ አቡጊዳ አመጡብኝ። አቡጊዳ ለምን እንደተሠራ ብዙ ሰው አያስተውልም። "አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ" ሲባል እያንዳንዷ ፊደል ከሌላ ቤት ናት፤ ድምፁም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ እየተቀያየረ ይሄዳል። የ"ሀ ሁ" ዜማ እዚያ ላይ አይረዳህም። ዐይንህ ካላወቃት ትጠፋብሃለች። ያንቺ የካርቶን ቀዳዳ የምትሠራውን ሥራ ነው የሚሠራው። ያንን ሳላልፍ ወደ መልእክተ ዮሐንስ አልተሻገርኩም፤ እዚያም መጀመሪያ ቁጥር ነው፣ ፊደል በፊደል፣ እያንዳንዷን በስንጥር እየነካህ። ንባቡ ከዚያ በኋላ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገበታውን ወሰደ፤ አቡጊዳውን ግን ግድግዳው ላይ ከ"ሀ ሁ" ግርጌ ጌጥ አድርጎ ተወው። እኔም መምህር ሆኜ እንዲሁ አድርጌያለሁ፤ ይህን ስጽፍ ይቆጨኛል።

ስለ ሣልስና ኃምስ ያልሽው እውነት ነው። እኛ ልጆቹን "ሰረዟ ጫማ፣ ቀለበቷ አልቦ" እያልን እናስለያቸው ነበር። ሞክሪው።

ባለጠመኔዋ
ቅዳሜ ኅዳር 13፣ ማታ 2:10

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። የእኛም ገበታ ግርጌ ላይ አቡጊዳ አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ዐይቼው አላውቅም ማለት ይቻላል። ሰኞ ከእሱ እጀምራለሁ። አልቦውንም ወስጃለሁ፤ ሴቶቹ ልጆች ይወዱታል።

ባለ ዳገቱ
እሑድ ኅዳር 14፣ ከጠዋቱ 3:00

እኔ ምሥራቅ ጎጃም ገጠር ነኝ። አንደኛ ክፍል፣ መዝገቤ ላይ 74 ልጆች አሉ። መዝገቤ ላይ ያልኩት አሁን ኅዳር ስለሆነ ነው፤ አጨዳ ነው። ያለፈው ሳምንት ሰኞ 51፣ ማክሰኞ ገበያ ስለነበር 38፣ ዓርብ ሚካኤል ስለሆነ 29 ልጆች ናቸው የተገኙት። እህቴ የምትለውን ካርቶን በማጣት አይደለም የምቸገረው፤ ሰኞ ያስተማርኳት ልጅ ረቡዕ የለችም፤ ሐሙስ ስትመጣ እኔ ሌላ ቤት ላይ ነኝ። ወንድሟ ከብት ሲይዝ እሷ ትመጣለች፣ እሷ ስትይዝ እሱ ይመጣል።

ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ተራ በተራ የሚመጡ ወንድምና እህት ሲሆኑ የዕለቱን ፊደል በእጃቸው መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ እጽፍላቸዋለሁ። ማታ ቤት ሲገቡ ለቀረው ያሳያል። የአንዷ እናት ፊደል ቆጥረው አያውቁም፤ አሁን ማታ ማታ "ዛሬ ምን ይዘሽ መጣሽ?" እያሉ መዳፏን እንደሚያዩ ነግረውኛል። ከታኅሣሥ ወዲህ እህሉ ሲገባ ልጆቹ ይሞላሉ። ፊደል በየቀኑ ካልነካኩት ግን የሚጠፋ ነገር ነው፤ እስከ ታኅሣሥ አይጠብቅም።

ሰኞ ማክሰኞው ግን ገብቶኛል። ሜዳ ሞልቶኛል።

የአራት ልጆች አባት
እሑድ ኅዳር 14፣ ቀን 8:15

ይቅርታ፣ እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ለመምህርቷ ትጋት አክብሮት አለኝ። ግን ስቴኪኒ፣ መዝለል፣ መዋኘት፣ መጥረግ... ሳምንቱ አለቀ። መጽሐፉ መቼ ያልቃል? ስድስተኛ ክፍል ላይ ከተማ አቀፍ ፈተና አለ፣ ስምንተኛ ላይ ሌላ አለ። ፈተናው ሰኞ ማክሰኞ አይጠይቅም። እኔ ልጆቼን የግል ትምህርት ቤት የማስተምረው ከአቅሜ በላይ ከፍዬ ነው፤ ደብተራቸውን ገልጬ ባዶ ገጽ ሳገኝ ያመኛል። ሁለተኛ ክፍል ያለው ልጄ በሳምንት ብዙ ገጽ ይጽፋል። በእኛ ጊዜም ገልብጠን ተምረን ሰው ሆነናል።

ባለጠመኔዋ
እሑድ ኅዳር 14፣ ማታ 12:50

ወንድሜ፣ ስጋትዎ ይገባኛል፤ እኔም እናት ነኝ። መጽሐፉን መጨረስ አለብኝ፣ ዩኒት ሊደሬም በየሳምንቱ ይጠይቀኛል። ግን ይህን ይመልከቱ። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከተሰጣቸው ጽሑፍ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። አንድም ቃል! እነዚያ ልጆች ደብተራቸው ባዶ ነበር ብዬ አላምንም። ከሰሌዳ መገልበጥ እጅ ብቻውን የሚሠራው ሥራ ነው፤ ሥዕል እንደመቅዳት። የእኔዎቹ 17 ልጆች ደብተር ቢያዩ ያምራል፤ ጽሑፋቸው ቀጥ ያለ ነው። የጻፉትን አንብቡ ሲባሉ ነው የሚጠፉት።

የስድስተኛ ክፍል ፈተና የሒሳብ ጥያቄውም በጽሑፍ ነው የሚመጣው። ጥያቄውን ማንበብ ያልቻለ ልጅ ስሌቱን ቢያውቅም አይመልሰውም። እኔ አሁን አንድ ሳምንት ከመጽሐፉ ወደ ኋላ ቀርቻለሁ፤ ይህን አልክድም። አንድ ነገር ልለምንዎት። ዛሬ ማታ ከልጅዎ ደብተር አንድ ገጽ ይግለጡና መካከል ላይ ያለ አንድ ቃል በጣትዎ ያሳዩት። ከላይ እንዲጀምር አይፍቀዱለት።

ኦላ ከለቡ
እሑድ ኅዳር 14፣ ማታ 2:30

የረቡዑ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቤታችን የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ነው፤ ታላቋ ልጄ በአፋን ኦሮሞ፣ ታናሹ በአማርኛ ነው የሚማሩት። በቁቤ የጠበቀ ድምፅ ፊደሉ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ ስለዚህ ታላቋ ስታነብ ጠብቆ ላልቶ ላይ አትቸገርም፤ ወረቀቱ ይነግራታል። ታናሹ ግን አማርኛ የተማረው ሰፈር ውስጥ ነው፤ ቃሉን ካልሰማው ይጥበቅ ይላላ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። መምህሩ "ተሳስተሃል" ሲሉት ምኑን እንደተሳሳተ አይገባውም ነበር። ያንቺ ጨዋታ እንዲህ ላሉት ልጆች ትልቅ ነገር ነው። እኔ ደግሞ በእርሳስ ከጠበቀው ፊደል ላይ ሁለት ነጥብ እያደረግሁለት ነበር፤ በኋላ ነጥቡን እያጠፋን እናነባለን።

ባለጠመኔዋ
እሑድ ኅዳር 14፣ ማታ 2:45

ይህን አላሰብኩትም ነበር። አማርኛን ከሰፈር የሰሙ ልጆች እኔም ክፍል ውስጥ አሉ፤ ስህተታቸውን ካለማጥናት ቆጥሬው ነበር። ነጥቧን ከነገ ጀምሮ ሰሌዳ ላይ እጠቀማታለሁ።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ
ሰኞ ኅዳር 15፣ ከጠዋቱ 1:10

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው፤ እዚህ ገና እሑድ ማታ ነው። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ለልጆች ፊደል እናስተምራለን፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ከተሳካ። የሁላችንም ልጆች ልክ እንደተባለው ናቸው፤ "ሀ ሁ"ን እንደ መዝሙር ያወርዱታል፤ አያቶች ስልክ ላይ ሰምተው ያለቅሳሉ፣ እኛም ደስ ብሎን እንሄዳለን። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። ያቺን ካርቶን ዛሬ እዚያው ቆርጬ ሞከርኩ። ከ11 ልጆች ሁለት ብቻ ናቸው የለዩት፤ አንደኛዋ ባለፈው ክረምት ሀገር ቤት ቆይታ የሱቅ ጽሑፍ እያነበበች የመጣች ናት።

ደብቄ ላልፈው አልፈለግሁም። ለወላጆቹም ነግሬያቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ አኩርፈዋል። ለገና ያዘጋጀነውን በቃል የሚባል ግጥም ትተን እያንዳንዱ ልጅ አንድ ዐረፍተ ነገር ከወረቀት እንዲያነብ ወስነናል። አጭር ይሆናል፤ ያነባሉ ግን። የልጄ ዐረፍተ ነገር "ገና ገና ነው" የሚል ነው። ራሷ ናት የመረጠችው።

የአራት ልጆች አባት
ሰኞ ኅዳር 15፣ ማታ 3:20

መምህርት፣ እንዳልሽው አደረግሁ። ስለ ማርያም የሚገልጽ ስድስት መስመር ነበር፣ በራሱ እጅ የተጻፈ። አራተኛው መስመር ላይ ያለ ቃል አሳየሁት። "ከላይ ልጀምር አባዬ?" አለኝ። አይሆንም አልኩት። ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልኩ። ቀሪውን እዚህ አልጽፈውም። ካርቶኑ ላይ ቀዳዳው ስንት ሴንቲ ሜትር ይሁን?

ባለጠመኔዋ
ሰኞ ኅዳር 15፣ ማታ 3:35

ለደብተር ከሆነ ቀዳዳው የአንድ ቃል ያህል ይሁን፤ በደብተሩ መስመር ቁመት። ልጁን ግን "እስከ ዛሬ ምን ስትሠራ ነበር" አይበሉት። የተባለውን ሁሉ ሲሠራ ነው የቆየው።

የአንደኛው ልጅ እናት
ረቡዕ ኅዳር 17፣ ማታ 2:00

ቲቸር፣ ሦስት ፊደል በቀን ብለሽኝ እኔ ሁለት ነው የቻልኩት። ዛሬ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለ የመጣው ታክሲ ታፔላው ላይ "መገናኛ" ይላል። ቀሚሴን ጎተተኝና "እማዬ፣ መ!" አለኝ። ከ"ሀ" አልጀመረም። ጣሪያም አላየም። ሰው ሁሉ እያየን "ቀጥሎስ ያለችው ማን ናት?" አልኩት። እሷን አላወቃትም። ዛሬ ማታ "ገ" ላይ ነን።